የናሱ እባብና የሕዝቅያስ በለስ፤ ስለሚታዩ የሃይማኖት ምልክቶችና ስለ ፈውስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች ታናሽ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው በኦሪት ዘኍልቍ በ21ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የናሱን እባብ ታሪክ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት በመቐለ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት አጥቢያዎች ምእመናን ሁለት ጥያቄ ሲጠይቁ ስለምንሰማ ነው። አንደኛው፥ ሃይማኖት በልብ ከሆነ በአንገት ማዕተብ ማሰር፥ መስቀል መሳለም፥ ጸበል መጠመቅ ስለ ምን ያስፈልጋል የሚል ነው። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መስቀልና ጸበል ካለን ወደ ሐኪም መሄድና መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጕደል አይደለምን የሚል ነው። እነዚህ ሁለቱ ጥያቄዎች የተራራቁ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን አንድ ታሪክ ለሁለቱም መልስ ይሰጣል። ፊተኛውን ጥያቄ ያልተረዳ ሰው ከአባቶቹ የተቀበለውን በረከት ያጣል፤ ኋለኛውን ያልተረዳ ግን ሕይወቱን እስከ ማጣት ይደርሳል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በትዕግሥት እንድትመለከተው እንለምንሃለን።

የታሪኩ ንባብና ትርጓሜ

እስራኤል ከሖር ተራራ ተነሥተው የኤዶምን ምድር ዞረው ሲሄዱ መንገዱ ስለ ረዘመባቸው በእግዚአብሔርና በሙሴ ላይ አጕረመረሙ፤ መናውንም ናቁ። በዚህ ምክንያት መርዛም እባቦች ተነሥተው ነደፏቸው፤ ከሕዝቡም ብዙ ሰው ሞተ። ሕዝቡ ተጸጽተው ወደ ሙሴ በመጡ ጊዜ ሙሴ ጸለየላቸው፤ እግዚአብሔርም የእባብ ምስል ሠርቶ በዓላማ ላይ እንዲሰቅል አዘዘው። ሙሴም ከናስ ሠርቶ ሰቀለ፤ የተነደፈውም ሰው ሁሉ ወደ እርሱ በተመለከተ ጊዜ ዳነ።

በዚህ ስፍራ፥ እግዚአብሔር ያለ ናስ መፈወስ አይቻለውምን ቢሉ፥ ይቻለዋል። እንኪያስ ናሱን ስለ ምን ፈለገው ቢሉ፥ ስለ ሰው ድካም ነው። ሰው ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ሥጋም ነው። መርዙ በሥጋው ገብቶ የሚቃጠለውን ሰው በልብህ ብቻ ተስፋ አድርግ ቢሉት ልቡ አይጸናለትም፤ ስለዚህ በዓይኑ የሚያየውን ተስፋ ሰጠው። አንድም የበደላቸው መታሰቢያ ነው፤ የነደፋቸውን እባብ አምሳል እያዩ ስለ ምን እንደ ተነደፉ ያስቡ ዘንድ። አንድም የክርስቶስ ምሳሌ ነው፤ የናሱ እባብ መልኩ የእባብ ሆኖ መርዝ እንደሌለበት፥ ጌታም በኃጢአተኞች መካከል እንደ ኃጢአተኛ ተቈጥሮ ሲሰቀል ኃጢአት አልነበረበትም። ራሱ ጌታችንም ለኒቆዲሞስ ስለ መሰቀሉ ሲያስተምር ይህን ታሪክ እንደ ጠቀሰ በዮሐንስ ወንጌል በ3ኛው ምዕራፍ ተጽፏል።

መጽሐፈ ጥበብም በ16ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ታሪክ አንሥቶ ሲፈታው፥ ወደ ምልክቱ የተመለሰ ሰው የዳነው ባየው ነገር እንዳይደለ፥ የሁሉ መድኃኒት በሆነው በእግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስረዳል። የምንጽፈው ነገር ሁሉ የሚቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ምልክቱ ይመራል እንጂ አያድንም፤ የሚያድነው ምልክቱን የሰጠው ነው።

እግዚአብሔር በሚታይ ነገር መሥራቱ በናሱ እባብ ብቻ አይደለም። ኢያሱ ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ 12 ድንጋይ ከወንዙ ውስጥ አስወጥቶ በጌልገላ አቆመ፤ ልጆች በኋላ ዘመን ይህ ድንጋይ ምንድር ነው ብለው ሲጠይቁ አባቶች ታሪኩን እንዲነግሯቸው ነው። ንዕማን ሶርያዊ ከለምጹ የነጻው በዮርዳኖስ ውሃ ሰባት ጊዜ ታጥቦ ነው። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ጌታ በጭቃ ቀብቶ ወደ ሰሊሆም ሰደደው። ከቅዱስ ጳውሎስ ሥጋ የተወሰደ ጨርቅ ድውያንን ይፈውስ እንደ ነበረ በግብረ ሐዋርያት በ19ኛው ምዕራፍ ይነበባል። ሐዋርያው ያዕቆብም ለታመመ ሰው ቀሳውስት ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት አዘዘ። እንግዲህ ተመልከት፤ በአንዱ ውሃ፥ በአንዱ ጭቃ፥ በአንዱ ጨርቅ፥ በአንዱ ዘይት ሠራ። ኃይሉ የዕቃው ቢሆን ኖሮ ዕቃው አንድ በሆነ ነበር፤ ዕቃው መለዋወጡ ግን ኃይሉ የአንዱ የማይለወጠው አምላክ መሆኑን ያስረዳል።

ምልክቱ በሀገራችን

ምልክትን ከሃይማኖት ጋራ ማስኬድ በሀገራችን ጥንታዊ ነገር ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከቅዱስ አትናቴዎስ ተሹሞ በአክሱም ባስተማረ ጊዜ፥ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ተቀበለ። አስቀድሞ በገንዘቡ ላይ የፀሐይ ክበብና የጨረቃ ስላሽ ይቀረጽ ነበር፤ ካመነ በኋላ ግን ያን አስወግዶ መስቀል አስቀረጸ። መስቀልን በገንዘብ ላይ ካስቀረጹት ከዓለም ነገሥታት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እርሱ ነው። ከእርሱ በኋላ በወጡት በአንዳንዶቹ ገንዘቦች ላይ በመስቀሉ ዙሪያ የተጻፈው ቃል፥ ይህ ለሀገሩ ደስታ ይሁን የሚል አሳብ ያለው ነው። እንግዲህ መስቀሉ በቤተ መቅደስ ብቻ አልቀረም፤ በገበያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። እህል የሚሸምተው ድኻም፥ ዝሆን ጥርስ የሚነግደው ባለጠጋም በመዳፉ ይይዘው ነበር።

ማዕተብም እንዲሁ ነው። ዐተበ ማለት በመስቀል ምልክት ባረከ፥ አማተበ ማለት ነው፤ ማዕተብ ማለትም የዚህ መታወቂያ ነው። ሕፃኑ በተጠመቀ ጊዜ በአንገቱ የሚታሰርለት ክር ዋጋው ጥቂት ነው፤ ዳሩ ግን የማን እንደ ሆነ ይናገራል። ሐሰት ሊምል የተነሣ ሰው እጁ ወደ አንገቱ ሲሄድ ክሩን አግኝቶ ቢያፍርና ቢመለስ፥ ክሩ ሥራውን ሠራ ማለት ነው።

በትግራይ ምድር የእባቡም መታሰቢያ አለ። አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ በወጡ ጊዜ ዘንዶ በጅራቱ እንዳወጣቸው ገድላቸው ይተርካል፤ እስከ ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚወጣ ሰው በጠፍር ተይዞ ይወጣል። በጳጳሳትም የእጅ በትር ራስ ላይ መስቀልን የከበቡ ሁለት እባቦች ተቀርጸው ይታያሉ፤ የሙሴ የናስ እባብ መታሰቢያ ነው። በመድኃኒት ቤት ደጃፍና በሐኪም ዕቃ ላይ የሚታየው በበትር የተጠመጠመ እባብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ የጥንት ግሪኮች የፈውስ አምላክ ነው ብለው ያመልኩት ከነበረው ከአስክሊጵዮስ ምልክት የወረደ ነው እንጂ ከኦሪት የተወሰደ አይደለም። ስለ ምልክት የሚናገር ሰው የምልክቱን ትውልድ ለይቶ ማወቅ ስለሚገባው ይህን ጻፍን።

ስለ ምልክት የተነሣ ክርክር

ምልክትን ማክበር ያለ ክርክር ያለፈ ነገር አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ሲነግሡ መስቀልን እጅግ ያከበሩ ንጉሥ ነበሩ። ሕዝቡ የመስቀል ምልክት በሰውነቱና በዕቃው ላይ እንዲያደርግ አዘዙ፤ የጌታችን ግማደ መስቀልም በግሸን አምባ እንዲያርፍ ያደረጉ እርሳቸው እንደ ሆኑ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል። በዚያው ዘመን ከትግራይ የተነሡት አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸው ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው እያሉ ለንጉሡ አንሰግድም ስላሉ፥ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕልም አይሰግዱም ተብለው ስለ ተከሰሱ ጽኑ መከራ ደረሰባቸው፤ ብዙዎችም ተገደሉ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ነገሩ በዕርቅ ተፈጸመ። የደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም ጕንዳጕንዶ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የከበረ ገዳም ነው፤ ቤተ መቅደሱም በእመቤታችን በማርያም ስም የተጠራ ነው። ከዚያ ገዳም የወጡት በሐረግና በሥዕል ያጌጡ የብራና መጻሕፍት እስከ ዛሬ የሚደነቁ ናቸው። ሥዕል ይነቅፋሉ ተብለው የተከሰሱት ሰዎች ወራሾች ከሀገሩ ሁሉ የተዋቡትን ሥዕሎች ከሣሉት መካከል ሆኑ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ስግደትንና የአክብሮት ስግደትን ለይታ የምታስተምረው በከንቱ እንዳይደለ ነው፤ የአምልኮው ለፈጣሪ ብቻ ነው፥ ለመስቀል የምናቀርበው በላዩ ስለ ተሰቀለው የሚደረግ ክብር ነው። ሁለተኛ፥ የዕርቅ ምልክት የሆነውን መስቀል በሰይፍ ማስከበር መስቀሉን እንደማያስከብረው ነው።

ሕዝቅያስ ናሱን ስለ ምን ሰበረ

ወደ ናሱ እባብ ታሪክ እንመለስ። ሙሴ ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሕዝቅያስ በይሁዳ ነገሠ። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈ፥ ያን ጊዜ የእስራኤል ልጆች ለናሱ እባብ ያጥኑለት ስለ ነበረ ንጉሡ ሰባበረው፤ ነሑሽታን ተብሎም ተጠራ። ልብ በል፤ የተሰበረው የጣዖት ካህናት የሠሩት ዕቃ አልነበረም። እግዚአብሔር ያዘዘው፥ ሙሴ በእጁ የሠራው፥ ብዙ ሕዝብ የዳነበት ነበረ። ነገር ግን መታሰቢያነቱ ተረሳና ራሱ ተስፋ ሆነ፤ መንገድ የነበረው መድረሻ ሆነ። ስለዚህ ሰባበረው፤ መጽሐፍም ስለዚህ ሥራው አመሰገነው እንጂ አልነቀፈውም።

የሕዝቅያስ ፍርድ ዛሬ በማን ላይ ይደርሳል? መስቀል በሚሳለም ሰው ላይ አይደርስም፤ ጸበል በሚጠመቅም ላይ አይደርስም። የሚደርሰው ኃይሉን ከሰጪው ለይቶ በዕቃው በሚያደርግ ሰው ላይ ነው። ስለ ምሳሌ የክታብን ነገር እንውሰድ። በትግራይና በአማራ ሀገር ክታብ የሚጽፉ ሰዎች ብራናውን በሕመምተኛው ቁመት ልክ ይቈርጡታል፤ ዓይን የተሣለበት መልክና ኅብረ ቀለም ያለው ሐረግ ያደርጉበታል፤ የእግዚአብሔርንና የቅዱሳንን ስም ከማይታወቅ አስማት ጋራ ደባልቀው ይጽፉበታል። እንደነዚህ ያሉ ብዙ ክታቦች ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። በውስጣቸው መልካም ጸሎት የተጻፈባቸው መኖራቸውን አንክድም። ነገር ግን ሰውዬው ንስሐ ሳይገባ፥ ሳይጸልይ፥ ከባልንጀራው ጋራ ሳይታረቅ፥ የተጻፈውን ሳያነብበውና ሳያውቀው ክታቡ ብቻ ይጠብቀኛል ካለ፥ ለናሱ እባብ አጠነ ማለት ነው። መስቀሉንም እንደ ክታብ የያዘው ሰው ፍርዱ ከዚህ አይለይም።

የመቐለ ሰው ለዚህ ነገር በደጁ ምሳሌ አለው። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በሻለቃ ጋሊያኖ እየተመራ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ መሽጎ ነበር። የምሽጉ ቅጥር ጽኑ ስለ ነበረ በጦር ተገፍቶ አልወደቀም፤ ነገር ግን ምንጩ ከቅጥሩ ውጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ምንጩን ባስያዙ ጊዜ ምሽገኞቹ በውሃ ጥም ተጨንቀው ኮረብታውን ለቀቁ። የኮረብታው ስም የጌታ ስም ነበር፤ ድንጋዩም ብርቱ ነበር፤ ከምንጩ የተለየ ግን ሊቆም አልቻለም። መስቀል በአንገቱ ይዞ ከንስሐና ከሥጋ ወደሙ የተለየ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው፤ ቅጥር አለው፥ ምንጭ የለውም።

ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ

ብዙ ሰው የሕዝቅያስን ታሪክ በዚህ ይጨርሳል፤ የሚበልጠው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ናሱን የሰበረው ያው ንጉሥ በጽኑ ታመመ። ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ እንደሚሞት ነገረው፤ ሕዝቅያስም ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አልቅሶ ጸለየ። ነቢዩ ገና ከግቢው ሳይወጣ ጸሎቱ እንደ ተሰማ፥ በዘመኑም ላይ 15 ዓመት እንደ ተጨመረለት የሚናገር ቃል መጣለት። እንግዲህ እግዚአብሔር እንደሚድን ተናግሯል፤ ከዚህ በላይ ምን የቀረ ነገር አለ? ነገር ግን ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በእባጩ ላይ አስደረገ፤ ንጉሡም ዳነ።

በለስ ሲባል በሀገራችን በትግራይ በየኮረብታው የሚበቅለው እሾሃሙ በለስ አይምሰልህ፤ እርሱ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ቍልቋል ነው። የመጽሐፉ በለስ ከዋርካና ከሾላ ወገን የሆነው ዛፍ ነው፤ የደረቀ ፍሬው ተጠፍጥፎ እባጭን ለማለስለስ በጥንት ዘመን መድኃኒት ነበር። እንግዲህ ነቢዩ ያዘዘው በሐኪሞች ዘንድ የታወቀውን መድኃኒት ነው። ተስፋው ከሰማይ መጣ፥ መድኃኒቱ ከዛፍ ተለቀመ፤ አንዱ ሌላውን አልሻረውም። ሕዝቅያስም፥ ቃል ከመጣልኝ በለሱ ስለ ምን ያስፈልገኛል ብሎ አልጣለውም። ናሱን መስበሩና በለሱን መቀበሉ አንድ እምነት ነው፤ ሁለቱንም ያደረገው ፍጥረትን በፈጣሪ ቦታ ባለማስቀመጡ፥ ፈጣሪም በፍጥረቱ እንደሚሠራ በማመኑ ነው።

ይህን ትምህርት መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ያጸናዋል። ሐኪምን አክብር ይላል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፥ ልባም ሰውም አይንቀውም ይላል። ሕመምተኛው አስቀድሞ እንዲጸልይ፥ ከኃጢአቱ እንዲመለስ፥ ከዚያም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ያዝዛል። ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበር። በስሙ የተጠራውን ቅዳሴ የምንቀድስለት ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድውያንና ለድኾች ሐኪሞች የሚያገለግሉበት ታላቅ ቤት ሠራ፤ ለመነኮሳትም የሕክምና ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነች፥ ተስፋን ሁሉ በእርስዋ ላይ መጣል ግን እንደማይገባ አስተማረ።

ቋንቋችንም ራሱ ይህን ይመሰክራል። ከጸበሉ ስፍራ የሚወሰደውን አፈርና አመድ ሕዝባችን እምነት ብሎ ይጠራዋል፤ ያለ እምነት ትቢያ ብቻ መሆኑን ሲያስረዳ ነው። መድኃኒት የሚለውም ቃል በግእዝ ድኅነ ከሚለው ይወጣል፤ መድኃኔ ዓለም ያልነው ጌታና ሐኪም የሚሰጠን መድኃኒት ከአንድ ሥር የበቀለ ስም አላቸው። አባቶቻችን የነፍስን መዳንና የሥጋን መዳን በአንድ ቃል የጠሩት ሰጪው አንድ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱን የሚጥል ሰው በመድኃኔ ዓለም ስም መጣሉ እንዴት ይሆናል?

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ኤች አይ ቪ የሚባለው በሽታ በሀገራችን በተስፋፋ ጊዜ ብዙ ሕሙማን በአዲስ አበባ በላይ ባለው በእንጦጦ ማርያም ጸበል ይሰበሰቡ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የበሽታውን ኃይል የሚያዳክመው መድኃኒት ያለ ዋጋ መታደል ሲጀምር፥ አንዳንዶች ጸበልና መድኃኒት አይስማሙም እያሉ መድኃኒቱን ተዉት። ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፥ እርሳቸውም የትግራይ ልጅ ነበሩ፥ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር እንደ ሆኑ፥ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም፥ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት እንዳይደለ በግልጥ አስተማሩ። ይህ መድኃኒት ደግሞ ተጀምሮ ቢቋረጥ ተሕዋሲው እንደ ገና ይበረታል፤ የተለመደውም መድኃኒት ወደ ፊት እንዳይሠራበት ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ፥ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒትም ሲቋረጥ እንዲሁ ታላቅ ጕዳት ያመጣል።

መድኃኒት በታጣ ጊዜ፥ መስቀልም በጠፋ ጊዜ

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ቃላችንን በጥንቃቄ እንመዝናለን። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በሆነው ጦርነት በመቐለ በዓይደር ሆስፒታል እንኳ መድኃኒት የታጣበት ጊዜ ነበረ። ሐኪሞች በሽታውን ያውቁ ነበር፥ የሚሰጡት ግን አልነበራቸውም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ጸበልና መስቀል ብቻ ይዞ ቆየ። ከእነርሱም የሞቱትን እምነታቸው ስለ ጐደለ ሞቱ የሚል ቢኖር ሕመምተኛውን ኢዮብን የነቀፉትን የሦስቱን ባልንጀሮቹን ኃጢአት ይሠራል። መድኃኒት አጥቶ መስቀሉን ታቅፎ ያረፈ ሰው የናሱን እባብ ወደ ሰጠው አምላክ እያየ ሄደ፤ ስለ እርሱ እናለቅሳለን እንጂ አንፈርድበትም። መድኃኒት በእጁ ሳለ የሚጥል ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወንድሙ በልመና ያላገኘውን እርሱ በእጁ ይዞ ይጥላል። በትላንትናው ቸነፈር ዳቦ ያጣውን የሚያስብ ሰው የዛሬን ዳቦ ወደ መሬት አይወረውርም።

በዚያ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተጐዱ፥ ንዋያተ ቅድሳትም ተዘረፉ፤ የነጃሺ መስጊድም እንዲሁ ተጐዳ። በአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ የተሳለሙትን መስቀል ያጡ ምእመናን፥ በረከታችን ከእርሱ ጋራ ሄደ ብለው ያዝናሉ። ኀዘኑ የተገባ ነው። በዘመነ ዔሊ ታቦት በፍልስጥኤማውያን በተማረከ ጊዜ የፊንሐስ ሚስት ክብር ከእስራኤል ለቀቀ ብላ በምጥ ላይ ሞተች። እስራኤል ያን ጊዜ የተሸነፉት ኃጢአታቸውን ሳይተዉ ታቦቱን ብቻ ወደ ሰልፍ በማውጣታቸው ነበር። ነገር ግን እግዚአብሔር ከታቦቱ ጋራ አልተማረከም፤ በፍልስጥኤምም ምድር ኃይሉን አሳየ፥ ታቦቱም ያለ ሰው ኃይል ተመለሰ። በእኛም ዘመን በላሊበላ በቤተ መድኃኔ ዓለም የሚገኘው፥ ሕሙማን የሚዳሰሱበት፥ አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 ተመልሶ ሕዝቡ በታላቅ ደስታ ተቀበለው። እርሱ በሌለበት በእነዚያ ዓመታት የላሊበላ ሰው መጸለይን አልተወም፤ እግዚአብሔርም መስማትን አልተወም። የጠፋውን ንዋየ ቅድሳት መፈለግና ማስመለስ ይገባል፤ ጸጋው ጠፋ ማለት ግን አይገባም።

በተግባር ልንጠብቀው የሚገባ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አራት ነገር እናወጣለን።

አንደኛ፥ ማዕተብህን አትበጥስ፤ መስቀል ተሳለም፤ ልጅህ ይህ ምንድር ነው ብሎ ሲጠይቅህ እንደ ጌልገላ ድንጋይ ታሪኩን ንገረው። ታሪኩ ያልተነገረለት ምልክት በአንድ ትውልድ ጌጥ፥ በሁለተኛው ትውልድ ክታብ ይሆናል።

ሁለተኛ፥ ጸበል ስትጠመቅ ሐኪም ያዘዘልህን መድኃኒት በሰዓቱ ውሰድ። በባዶ ሆድ መጠጣትና መጠመቅ የሚያውክብህ ከሆነ ለካህኑና ለሐኪሙ ንገራቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የጾም ሥርዓት ታቀልላለች። መድኃኒትህን ጣል የሚልህ ሰው ቢመጣ፥ በማንም ስም ቢመጣ፥ ኢሳይያስ በለሱን እንዳልጣለ ንገረው።

ሦስተኛ፥ አእምሮው የታወከ ወንድማችንን ወደ ጸበል ስንወስደው በሰንሰለት አስረን የምንጥለው እስረኛ አይደለም። ጌታ በጌርጌሴኖን ሀገር ያገኘው ሰው ሰንሰለት ነበረበት፤ ጌታ ከፈወሰው በኋላ ግን ለብሶ፥ ልቡ ተመልሶ በእግሩ አጠገብ ተቀምጦ ተገኘ። ለእንዲህ ያለው ሰው ጸሎትም፥ ሐኪምም፥ የዘመድ ትዕግሥትም ያስፈልገዋል።

አራተኛ፥ የልብ ቍስል አለ። በጦርነቱ ልጁን የቀበረ፥ ቤቱ የፈረሰበት፥ ክብሯ የተደፈረባት፥ በሕልሙ የሚባንን ብዙ ነው። ይህን ቍስል ደብቆ መያዝ ጽናት የሚመስለው ሰው አለ፤ ነገር ግን ሕዝቅያስ ንጉሥ ሳለ ፊቱን መልሶ እንዳለቀሰ አስብ። ለንስሐ አባትህ ተናገር፤ ለሐኪምም ተናገር፤ ካህንም የሰማውን ይጠብቅ እንጂ በተጐዳው ላይ ነውርን አይጨምር። የተበደለውን ሰው ቍስሉ ሳይታጠብ ይቅር በል ብለን አናስቸኵለው፤ ደጉ ሳምራዊ ወድቆ ያገኘውን ሰው አስቀድሞ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን አሰረለት።

በየዓመቱ በመስከረም የመቐለ ሕዝብ ለበዓለ መስቀል ወደ ጮምዓ ተራራ ይወጣል። ወጣቱ በእግሩ፥ ሽማግሌው በምርኵዙ፥ የቈሰለውም በወንድሙ ትከሻ ተደግፎ ይወጣል። ወደዚያ የሚወጣ ሁሉ ዓይኑን ሲያነሣ በምድረ በዳ እንደ ተነደፉት ሰዎች ያንሣ፤ በዕንጨቱ ላይ ሳያቆም በዕንጨቱ ላይ ወደ ተሰቀለው ይመልከት። ሲወርድም መድኃኒቱን ይውሰድ፥ የታመመውን ይጠይቅ፥ ከባልንጀራው ጋራ ይነጋገር።

ለሙሴ ናሱን፥ ለሕዝቅያስ በለሱን፥ ለእኛም ቅዱስ መስቀሉን የሰጠ እግዚአብሔር የሀገራችንን ቍስል ይፈውስልን፤ ሐኪሞችን ጥበብ፥ ካህናትን ርኅራኄ፥ ሕሙማንን ትዕግሥት ይስጥልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።